አንድ መስኮት ለመክፈት ስምንት ክረምት

ሥራ የጀመርኩ ቀን የስምሪት ኃላፊያችን አቶ ደምሴ የሰርቪሷን ቁልፍ ሰጡኝና ከመሳቢያቸው ታጥቦ የተጣጠፈ ጨርቅ አወጡ። የአሮጌ አንሶላ ቁራጭ ነው። «ይኼንንም ያዝ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ክረምቱ ይግባ እንጂ ራስህ ትደርስበታለህ» ብለው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ግራ ገባኝ። በመጀመሪያ ቀኔ ሞኝ መምሰል ስላልፈለግኩ ደግሜ አልጠየቅኩም፤ ወጥቼ የፊት መብራቶቹን ወለወልኩበት።

ከዚያ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት የአሸዋ ገልባጭ ነድቻለሁ። ገልባጭ ላይ ብቻህን ነህ፤ ክንድህን በመስኮት አውጥተህ ትውላለህ። ዝናብ ቢመጣ ክንድህ ይረጥባል፣ በቃ። ልብስ ስፌት ፋብሪካው ሲቀጥረኝ የተረከብኳት ሰርቪስ ግን ሃያ አራት ሰው ትጭናለች። ጠዋት ከጦር ኃይሎች ተነስቼ በየፌርማታው ሠራተኛ እየለቀምኩ ከዓለም ባንክ ወዲያ ያለው ፋብሪካ አደርሳለሁ፤ ከሥራ ሲወጡ ደግሞ እመልሳቸዋለሁ። ሃያ አራት ሰው ሃያ አራት ትንፋሽ እንዳለው ያኔ የት አስቤው!

በዚያው ሳምንት ሰኔ ዝናቡን ለቀቀው። ከጦር ኃይሎች ገና ሳልርቅ ፊት ለፊቴ ነጭ ሆነብኝ። ጉም ወረደ ብዬ መብራት አበራሁ፣ ማርሽ ቀነስኩ፣ በእግረኛ ፍጥነት መጎተት ጀመርኩ። ከኋላዬ ያሉት መኪኖች በጥሩንባ አደነቆሩኝ።

«ሹፌር፣ ምን ሆነሃል?» አለ አንዱ ከኋላ ወንበር።

«ጉሙ ነዋ!»

ሰውየው መስኮቱን በክርኑ ጠረግ አድርጎ ወደ ውጭ አየ። «የምን ጉም አመጣህ? ዝናብ እንጂ ጉም የለም እኮ!» መኪናው በሙሉ ሳቀ። የፊት መስታወቱን በጣቴ ብነካው ከውስጥ በኩል ውሃ ነው። ጉሙ አብሮን ተሳፍሯል። ያን ጊዜ ጨርቁ ትዝ አለኝ።

ታዲያ መስኮት አትከፍትም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። እትዬ ታደለችን ስለማታውቋቸው ነው።

እትዬ ታደለች የስፌት ክፍሉ ተቆጣጣሪ ናቸው። አባታቸው ከከፋ መጥተው ኮልፌ ኮረሪማና ማር ይነግዱ የነበሩ፣ እሳቸው ደግሞ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ቡድን የሚመሩ ሴት ናቸው። ጋቢና፣ ከኔ ጎን ያለው የመስኮት ወንበር የሳቸው ነው። እዚያ ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ አላየሁም። የመጀመሪያዋ ጠብታ መስታወቱን ስትነካ ዞር ይሉና «ዝጉ! ሁላችሁም ዝጉ! ብርድ ነው!» ይላሉ። ሃያ ሦስት ሰው ይዘጋል።

አንድ ቀን አንዱ መካኒክ ትንሽ ከፈት አደረገ። እትዬ ታደለች አልተቆጡትም። «ታናሽ ወንድሜ ከጅማ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ ዝናብና ነፋስ ሲመታው መጣ። በሳምንቱ ቀበርነው። ብርድን አትናቅ የኔ ልጅ» አሉት። ልጁ መስኮቱን ዘጋ። እኔም ለመናገር የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁ። ወንድማቸውን ለቀበሩ ሴት እንዴት ብዬ ነው «መስኮት ይክፈቱ» የምለው?

መስታወቱ ላይ ሙቅ አየር የሚነፋው ማራገቢያ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ሞቷል። እንዲቀየር ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ማመልከቻው የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ጋራዡ ጋ ስሄድ «መስኮት ክፈት፣ ነጻ ነው» አሉኝ። የሌላኛው ሰርቪስ ሹፌር «ድንች ቁረጥና መስታወቱን እሸው» አለኝ። አሸሁት። መስታወቱ ጉም መያዙን ሳይተው ዝንጉርጉር ሆነ፤ ተሳፋሪው ደግሞ መንገዱን ሙሉ «ምንድነው የሚሸተው?» እያለ አፋጠጠኝ። ሌላው የልብስ ሳሙና ቅባው አለኝ። ፀሐይ ብልጭ ስትል ሳሙናው ዓይኔን አጠፋው። አንዱ ያንን ይላል፣ አንዱ ይኼንን ይላል፤ ማንን እንደምሰማ ጠፋኝ። ወደ ጨርቄ ተመለስኩ።

እንዲህ ነው የምነዳው፦ ግራ እጄ መሪ ላይ፣ ቀኝ እጄ ጨርቅ ላይ። ማርሽ መቀየር ሲያስፈልግ ጨርቁን ጭኔ ላይ እጥላለሁ። እትዬ ታደለች ጨርቁ ሲርስ ይቀበሉኝና ጨመቅ አድርገው ይመልሱልኛል። «እንዲህ መስታወት የሚወድ ሹፌር በዕድሜዬ አላየሁም» ይላሉ። እያሾፉብኝ መስሎኝ አብሬ እስቃለሁ።

ስንፍና እንዳይመስላችሁ። የቀረውን ሁሉ በሥርዓቱ ነበር የማደርገው። ሰኔ ሲገባ አቶ ደምሴ ራሳቸው ግቢ ወርደው ይፈትሹናል። የክብሪት እንጨት የጎማው ጥርስ ውስጥ ይሰኩና የክብሪቱ ራስ ብቅ ካለ «ይኼ ጎማ ክረምት አያይም» ይላሉ። የዝናብ መጥረጊያውን ላስቲክ በጣታቸው ይዳብሳሉ። ክሪክ፣ ጎማ ሥር የሚጣል ታኮ፣ መጎተቻ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ መኖሩን ያያሉ። ጎርፍ ውስጥ ካለፍክ በኋላ የፍሬኑ ሸራ እስኪደርቅ ፍሬኑን ነካ ነካ እያደረግክ ሂድ የሚሉትም እሳቸው ናቸው። ስለ መስኮት ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ስምንተኛው ክረምቴ ነበር፣ ነሐሴ ውስጥ። ሠራተኛ ጭኜ ከፋብሪካው ስወጣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት አልሞላም፤ ሰማዩ ግን ጠቁሯል። ትንሽ እንደሄድን በረዶ መጣ። መጀመሪያ ሽምብራ የሚያክል፣ ቀጥሎ ለውዝ የሚያክል። ጣሪያው ላይ ሲወርድ የራሴን ድምፅ እንኳ መስማት አቃተኝ። አስፋልቱ በደቂቃ ውስጥ ነጣ። መጥረጊያዎቹ በረዶውን እየገፉ መስታወቱ ግርጌ ከመሩት። ከውስጥ ደግሞ ሃያ አራት ሰው ፈርቶ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ስፖኪዮው ጠፋ፣ ፊት ለፊቴ ጠፋ፣ ግራና ቀኙ ጠፋ። በጨርቁ አሽቼ አሽቼ የምትከፈትልኝ ቀዳዳ እጄን ሳነሳ ትዘጋለች።

ከፊታችን አንዲት ጠባብ ድልድይ አለች። ከሷ በፊት መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ በስተቀኝ የወንዙ አፋፍ ነው፣ መከለያ የለውም። አልፌያታለሁ ወይስ አላለፍኳትም? በየቀኑ የማልፍባት ድልድይ እኮ ናት! የት እንዳለሁ ጠፋኝ።

«ድልድዩን አልፈናል!» አለ አንዱ።

«ኧረ ገና ነው!» አለች ሌላዋ።

«ግራህን ያዝ!»

«ቀኝህን!»

«ለምን አታቆምም?»

«እንዳታቆም! ከኋላ ገልባጭ እየመጣ ነው፣ መብራቱ ታየኝ!»

ገልባጭ ሲባል ወደ ፍሬኑ የሄደ እግሬን መለስኩ። አሸዋ የጫነ ገልባጭ በረዶ ላይ እንደማይቆም ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ብቆም ይጨፈልቀናል፣ ብሄድ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። በአንደኛ ማርሽ እየተሳብኩ መስታወቱን በጨርቁ አሻለሁ። እትዬ ታደለች ጨርቁን ሊጨምቁልኝ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸውን ሳይ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጮህኩ።

«አይታየኝም!»

እትዬ ታደለች የዘረጉትን እጃቸውን መለሱ።

«ምን አልክ ንጋቱ?» አሉ እትዬ ታደለች።

«አይታየኝም እትዬ! ምንም አይታየኝም! መስታወቱን ያፈነው የራሳችን ትንፋሽ ነው። መስኮት ካልተከፈተ—»

አላስጨረሱኝም። የመስኮቱን ማዞሪያ ይዘው እስከ ታች አወረዱት። «ክፈቱ! ሁላችሁም ክፈቱ!» ብለው ራሳቸውን እስከ ትከሻቸው ወደ ውጭ አወጡ። በረዶው በሁሉም መስኮት ገባ። ነጠላቸው ተገልብጦ ፊቴን መታኝ። «በኢየሱስ ስም! አፈር ነው! አስፋልት ላይ አይደለንም! ቁም ንጋቱ፣ አፋፉ ነው፣ ቁም!»

ፍሬኑን አልደፈጠጥኩትም። በረዶ ላይ ከደፈጠጥከው ጎማው ይቆማል፣ መኪናው ግን ይሄዳል። እግሬን ከነዳጅ አነሳሁ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት ተውኩ፣ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ አደረግኩ። ቆመች። የእጅ ፍሬን ሳብኩ። ሁሉንም በግራ በኩል በኔ በር አስወረድኳቸውና ታኮ ይዤ ዞርኩ። ከቀኙ የፊት ጎማ እስከ አፋፉ አንድ ክንድ አይሞላም። ድልድዩ በስተግራችን ቆሟል፤ ያላለፍነው ድልድይ። ከታች ወንዙ ቀይ ሆኖ ይጋልባል። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

ከኋላችን ገልባጭ አልነበረም። ምንም መኪና አልነበረም። ያ መብራት ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በረዶው አባራ። እትዬ ታደለች ሹራባቸው ላይ የበረዶ ፍሬ ተሰክቶ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ አጠገቤ መጡ። ሰው ሁሉ ጃኬቱን እያወለቀ ደረበላቸው።

«ንጋቱ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ የምትጠርገው ስለማይታይህ ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«እኔ እኮ ንጹሕ ሰው ነው እል ነበር!» አሉ። መሳቅ ጀምረው ወዲያው እንባቸው መጣ። «ምነው ታዲያ አንድ ቀን አትነግረኝም?»

«ይሉኝታ ይዞኝ ነው።»

«ይሉኝታህ ከነነፍሳችን ወንዝ ሊከተን ነበር!» ብለው ትከሻዬን በቡጢ መቱኝ። አመመኝ፤ ግን ደስ አለኝ።

ደስታው ሁለት ቀን አልቆየም። እትዬ ታደለች ከሥራ ቀሩ። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ብሏል ተባለ። ልጠይቃቸው ሳንሱሲ ሰፈር ካለው ቤታቸው ስሄድ የጸሎት ቡድናቸው ሳሎኑን ሞልቶታል። በር ላይ ቆሜ እግሬ አልገባም አለ። ወንድማቸውን የገደለው ብርድ እሳቸውንም በኔ ምክንያት ሊወስዳቸው ነው? መስኮቱ ባይከፈት ሃያ አምስታችንም የለንም፤ ተከፈተና እሳቸው ወደቁ። የቱን እንደምመኝ አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን በላይ ግራ የተጋባሁበት ቀን የለም።

አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተቀበሉኝ። «ይኸው! ብርድ ይመታል አላልኩም?» አሉ እያሳላቸው።

«ብለዋል እትዬ።»

«አንተም ልክ ነህ፣ እኔም ልክ ነኝ። እስኪ አሁን ምን ይሻላል?»

መልሱን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ሦስት ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ ጋቢ ለብሰው፣ የሱፍ ኮፍያ እስከ ጆሯቸው ደፍተው ጋቢና ገቡ። ቦታቸውን ማንም አልነካባቸውም ነበር። መስከረም ገብቶ ዝናቡ ገና አልወጣም። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወርድ ዞር አሉ። «ሁለት ጣት!» አሉ። ሃያ ሦስት ሰው መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፈተ። መስታወቱ እንደ ጠዋት ሰማይ ጠራ። ስምንት ክረምት ያሸሁት መስታወት!

ነገሩን ለአቶ ደምሴ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔም ቢሮ ከመግባቴ በፊት እሳቸውን ጭኜ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ እኮ» አሉ።

«ታዲያ እርስዎስ አልነገሯቸውም?»

«እንዴት ብዬ ልንገራቸው?» አሉና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ጨርቁን የጀመርኩት እኔ ነኝ።»

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እትዬ ታደለችም ከኔ ቀድመው ወጥተዋል፣ ደህና ናቸው። ሰርቪሷን ያስረከብኩት ብርቱካን ለምትባል ሹፌር ነው። ቁልፉን፣ ክሪኩን፣ ታኮውን፣ ገመዱን፣ ባትሪውን ቆጥሬ ሰጠኋት። አንሶላ ጨርቁን ግን አልሰጠኋትም።

«ሌላ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?» አለችኝ።

«መንገዱ ካልታየሽ አይታየኝም በይ» አልኳት። «ጮክ ብለሽ በይ። ጋቢና የተቀመጠው ማንም ይሁን ማን።»