ካስማው ሥር የፈሰሰው ውኃ

ያችን ኮረብታ እንድንይዝ የታዘዝነው ጎሕ ሲቀድ ነበር። ዛፍ የላትም፣ ምንጭ የላትም፤ ግን መንገዱን ከላይ ሆና ታያለች። «ገዥ መሬት ናት። ተተኪ ጦር እስኪመጣ አትለቀቅም» አለን አዛዣችን መቶ አለቃ ግርማ።

እኔ የጋንታው የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ዛሬ አቃቂ በሰቃ ላይ አሮጌ ቴፕና ቴሌቪዥን ስጠግን የምታዩኝ ሴትዮ፣ ያን ጊዜ ሬዲዮ የምሸከም ወታደር ነበርኩ። ድምፁ የሚንጫጫ ዕቃ ስታመጡልኝ ከሁሉ በፊት ገመዶቹን የማለያየው ለምን እንደሆነ ትጠይቁኛላችሁ። የተማርኩት እዚያ ነው።

ረፋዱ ላይ ተከበብን። ከታች ተኩስ፣ ከጎን ተኩስ። በዚህ መሀል የሬዲዮው ባትሪ አለቀ። ሬዲዮው ራሱ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ነበር። ሾፌራችን ድሪባ፣ የቃሊቲ ገበሬ ልጅ ነው፣ ከቋጥኙ ጀርባ ከቆመችው መኪና ሽቦ ስቦ አገናኘልኝ። የመኪናዋም ባትሪ ስለደከመ ሞተሩ ካልተነሳ ሬዲዮው አይሠራም። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ በጆሮዬ የሚገባው የሞተሩ ጩኸት ብቻ ሆነ።

ቀትር ላይ መድፍ ወደቀብን። የወገን መድፍ ነበር። ድምፃችን ስለጠፋ ኮረብታዋ በጠላት የተያዘች መስሏቸዋል። ሁለተኛው ጥይት ሦስት ልጆች ወሰደብን። አስር አለቃ መሳይን ጭኑን መታው። ጨርቅ ጠቅልለን አሰርንለት፤ ደሙ ግን አልቆም አለ።

«ንገሪያቸው!» አለኝ ግርማ። «እዚህ ነን በያቸው!»

«እየነገርኳቸው ነው! የሚመልሱትን አልሰማም!»

ከጩኸቱ ሥር የሰው ድምፅ ይመጣል። የይለፍ ቃል እየጠየቁኝ ነው። ካልመለስኩ በተማረከ ሬዲዮ የሚያታልላቸው ጠላት ነው የምመስላቸው።

ገመዶቹን አየሁ። ከመኪናዋ የመጣው ሽቦና የአንቴናው ኬብል ጎን ለጎን ታስረዋል፤ በጥድፊያ ያሰርነው እኛው ነን። በደረቴ እየተሳብኩ ፈታኋቸው። የአንቴናውን ኬብል በቋጥኙ ማዶ አዞርኩት። መገናኘታቸው ግድ በሆነበት ቦታ ጎን ለጎን እንዳይሄዱ አንዱ ሌላውን እንደ መስቀል እንዲያቋርጠው አደረግሁ። ጩኸቱ ቀነሰ። ቃሉ ግን አልለይ አለኝ።

«ኧርዝ የለውም እኮ፣ ከመሬት አልታሰረም» አለ ድሪባ። የድንኳን ብረት ካስማ በድንጋይ እየመታ ቀበረና ከሬዲዮው ብረትና ከኬብሉ ላይኛ ጥልፍ ሽቦ ጋር አሰረው። ምንም ለውጥ የለም። መሬቱ አመድ ሆኗል፤ እርጥበት የሌለው መሬት ጩኸቱን አይወስድም።

«ውኃ ይፈልጋል» አልኩ።

በጋንታው የቀረው ውኃ አንድ ኮዳ ነበር። እሱም ለቁስለኛ ተብሎ መሳይ ራስጌ ተቀምጧል። ደም የፈሰሰው ሰው እንዴት እንደሚጠማ ያየ ያውቀዋል። ግርማ ኮዳውን አየ፤ መሬቱን አየ። ማዘዝ አቃተው። ሌላ መድፍ ወደቀ፤ አፈሩ ላያችን ላይ ዘነበ።

ኮዳውን በክርኑ የገፋው መሳይ ራሱ ነው። «አፍስሱት።»

«ትንሽ ቅመስ» አልኩት።

«አፍስሺው አልኩሽ እህቴ! ቀምሼ ቢያንስስ?»

እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ካስማው ሥር አፈሰስኩት። መሬቱ ጠጣው። እየራቀ እንደሚሄድ መኪና ጩኸቱ ሸሸ፤ የሰው ድምፅ ቀረ። ጥያቄውን ሰማሁ፤ መለስኩ። ወዲያው «ተኩስ አቁም!» ሲል ሰማሁት። መድፉ ቆመ።

ተተኪ ጦር ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ውኃ በጀሪካን ይዘው መጡ። መሳይ ቀድሞ አልፏል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። መቶ አለቃ ግርማም በምሽጋችን አፍ በጥይት ወድቋል። ስምንት ቀበርን። አሥራ አንዳችን ወረድን።

የመሳይ አባት የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ቤታቸው እዚሁ በሰቃ ነው። ከድሪባ ጋር ሄድን። መርዶው ቀድሞን ደርሷል። ካስቀመጡን በኋላ መጀመሪያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ሲሞት ጠምቶት ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «አዎ፣ አባባ» አልኩ።

«ውኃ አልነበረም?»

«ነበር። አፍስሱት ያለን እሱ ነው።»

ሽቦውን፣ ካስማውን፣ ደረቁን መሬት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አቀርቅረው ሰሙኝ።

«ስንት ተረፋችሁ?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። «ተመስገን ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ። እስቲ እናንተ በሉልኝ።»

እኔና ድሪባ አንገታችንን ሳናቀና አልንላቸው።