ነጥቧን የበላው ቀለም

እጁን አይታችሁት ቢሆን ሥራህ ምንድን ነው ብላችሁ አትጠይቁትም ነበር። ጥፍሩ ሥር፣ የጣቶቹ እጥፋት ውስጥ፣ መዳፉ ላይ ጥቁር ገብቶ አልወጣም ብሏል። በሳሙና ታሸ፣ በጋዝ ታጠበ፣ በአሸዋ ተፈተገ፣ ያው ነው። የሰፈሩ ሰው «ጥላሸት» ብሎ ስም ያወጣለት ለዚህ ነው። እሱም አልተቀየመም፤ እንዲያውም ስሙን ወዶት በበሩ ላይ «ጥላሸት ሪባን ያድሳል» ብሎ ጻፈበት። ሰው ቤት ሲጠራ ግን እጁን ኪሱ ከቶ ነው የሚቆመው። አንድ ጊዜ አንድ ነጭ የለበሰ ሰውዬ እንደ ምንም ጨብጦት፣ ወዲያው መዳፉን ሲያይ ያሳየው ፊት! ጥላሸት ያንን ፊት እየኮረጀ እህቱን ስንት ዘመን አስቋታል።

ሥራው ሪባን ማደስ ነው። የጽሕፈት መኪና ፊደሉ ዘሎ ወረቀቱን ሲመታ በመሀል የምትገባ ቀለም የጠጣች ቀጭን ጨርቅ አለች አይደል? ቀለሟ ሲያልቅ ሰው ይጥላታል። እሱ አይጥልም። ከጥቅሏ ይፈታታል፣ በእጅ በሚዞር ማጠንጠኛ እየሳበ ቀለም በጠጣ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ መሀል ያሳልፋታል፣ ቀለሙ እስኪሰርግ ያሳድራታል፣ መልሶ ይጠቀልላታል። ቀለሙ ከበዛ ፊደሉ ይጨማለቃል፤ ካነሰ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ጥላ ነው። ልኩን የሚያውቀው በአውራ ጣቱ ነበር፤ ጨርቋን ጫን አድርጎ ያነሳና የቀረውን አሻራ ያያል። ማሽን ቆሽሾ ካየ ደግሞ አለቀለት። የሰው ቢሮ ለሌላ ጉዳይ ገብቶ እንኳ፣ የጽሕፈት መኪናው «ሀ» ቀለም ሞልቷት ካየ ከኪሱ ብሩሽ አውጥቶ ሳይጠርጋት አይወጣም። ማን ጠየቀህ ቢሉት፣ «ያሳክከኛል» ነው መልሱ።

ሚስት አላገባም። ወላጆቻቸው ተከታትለው ሲሞቱ ታናሽ እህቱ ገና የወተት ጥርሷ አልረገፈም ነበር። እሷን አዝሎ፣ አብልቶ፣ ፀጉሯን በዚያ በጥቁር እጁ አበጥሮ አሳደጋት። ትምህርት ቤት ስትሄድ አንገትጌዋ ላይ የጣቱ አሻራ ያለባት ልጅ እሷ ብቻ ነበረች። መጻፍ የተማረችው እሱ በጠገናቸው የጽሕፈት መኪናዎች ነው፤ ዓይኗን ጨፍና ትመታለች፣ አትሳሳትም። አድጋ ሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል በጸሐፊነት ስትቀጠር፣ ጥላሸት በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ከደስታ ነው።

የእህቱ ሥራ ይህ ነው፦ ሐኪሙ በእጁ የጻፈውን ትዕዛዝ ኮምፒውተር ላይ ትመታለች፣ ፕሪንተሩ በቁራጭ ወረቀት ያወጣዋል፣ ወረቀቱ ከመድኃኒቱ ጋር ወደ ነርሷ ይሄዳል። ነርሷ የምትሰጠው ወረቀቱ ያለውን ነው። ኮምፒውተሩም አሮጌ ነው፤ አትሞ ሲጨርስ ይረሳዋል። ፕሪንተሩ ያ በተደረደሩ ቀጫጭን መርፌዎች ፊደሉን ነጥብ በነጥብ የሚመታው ዓይነት ነው፣ እንደ በቆሎ መጥበሻ የሚንጣጣው። የጽሕፈት መኪናው ዘመን አልፎ ሰው ሁሉ ሥራህን ተው ሲለው፣ ለጥላሸት የቀረችው እንጀራ ይህች ነበረች። እህቱ ሪባኑን ከነፕላስቲክ ቤቱ ታመጣለታለች፣ እሱ ቤቱን በቢላዋ ከፍቶ ያድሳል፣ እሷ ትመልሳለች። «ወንድሜ ያደሰው ከአዲሱ ይበልጣል» እያለች በሆስፒታሉ የማትጎርርበት ሰው አልነበረም።

ታዲያ ያ ለስላሳው፣ ዘይት ያለው የሪባን ቀለም ከገበያ ጠፋ። ነጋዴው «ማን ይገዛኛል ብዬ ላስመጣ?» አለው። ጥላሸት ዞሮ ዞሮ አጣ። በመጨረሻ የማኅተም ቀለም ገዛ። ይህ ለእሱ አዲስ አይደለም፤ በጽሕፈት መኪናው ዘመንም ቀለም ሲጠፋ በማኅተም ቀለም ስንቴ አሳልፏል። ቢደርቅም ፊደሎቹ ከውጭ ስለሆኑ በብሩሽ ይጠረጋሉ፣ አለቀ። ሲያዩትማ ከድሮውም ይጠቁራል። መድኃኒት ክፍሉ «ምን አደረግከው፣ እንዴት አማረ!» ብሎ አመሰገነው።

ወይ ነዶ! ሰው ግን የለመደው ነገር እንዴት ያታልለዋል። የፕሪንተር መርፌ እኮ ከውጭ አይደለም። ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ነው ወጣ ገባ የሚለው፣ ዘይቱን የሚያገኘውም ከራሱ ከሪባኑ ነው። የማኅተም ቀለም ዘይት የለውም። ቀስ እያለ ቀዳዳው ውስጥ ይደርቃል፣ እንደ ሙጫ ይሆናል። ጥላሸት ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ቢጠይቁት ይመልሰው ነበር። ማን ይጠይቀው? እጁ የጽሕፈት መኪና እጅ ነው፣ የለመደውን ሠራ።

ከዚያ አንዲት ልጅ ሞተች። ገና ድክ ድክ የምትል፣ ልቧ ደካማ የሆነች ልጅ። ሐኪሙ ያዘዘው ነጥብ አምስት ነው፤ የአንድ ግማሽ ማለት ነው። ከዜሮ ሳይጀምር በነጥብ መጻፍ የቤቱ ልማድ ነበር። ወረቀቱ ላይ የወጣው አምስት ነው። ነርሷ አምስት ሰጠች፤ አሥር እጥፍ። እናትየዋ ልጇን አቅፋ ወደ ኮሪደሩ እየሮጠች ስትጮኽ መድኃኒት ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር፤ እህትየው እዚያው ወንበሯ ላይ ሆና ሰምታዋለች።

የሐኪሙ ጽሑፍ ላይ ነጥብ አለች። የነርሷ ወረቀት ላይ የለችም። መሀል ላይ ያለችው ጸሐፊዋ ናት። ከሥራ ታገደች፣ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ጥፋተኛ ከሆነች ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት እንደሚሄድና እስር እንዳለበት ተነገራት። ቤት መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ነጥቧን መትቻታለሁ። በእናታችን አፈር መትቻታለሁ!» አለችው። «ወይስ አልመታኋትም? እኔ እኮ እብድ ልሆን ነው።»

ጥላሸት «እንዳንቺ የሚመታ የለም፣ አይዞሽ» አላት። በልቡ ግን ተጠራጠረ። ሰው ነችና ተሳስታ ቢሆንስ?

በማግስቱ ሹራቧንና ኩባያዋን ሊያመጣላት ሆስፒታል ሄደ። በቦታዋ የተቀመጠው ወጣቱ ፋርማሲስት ነው። ከመስኮቱ ውጭ ሰው ተሰልፎ ይጮኽበታል፣ ላብ አጥምቆታል። «ጋሽ ጥላሸት፣ እግዜር ነው የላከዎት! ከመጡ አይቀር ሪባኑን ይዩልኝማ» ብሎ ወንበሩን ለቆለት ወደ መስኮቱ ሮጠ።

ጥላሸት ሲቀመጥ የእህቱ ሹራብ ወንበሩ ጀርባ ላይ ነበር። ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ ብቻ እጁ ሄዶ ነጥብ አምስት መታ። ፕሪንተሩ ተንጣጣ። አምስት። እንደገና መታ። አምስት። ረጅም ቃል መታ፤ ፊደሎቹ ደህና ናቸው። ትንሽ አሳርፎ ነጥብ ብቻዋን መታ። ወረቀቱ ባዶ ነው።

ያኔ ገባው። የታችኛዋ መርፌ ተጣብቃለች። ደጋግመው ሲመቷት ትላቀቅና የፊደሎቹን እግር ትጽፋለች፤ አንዴ ብቻ ሲመቷት ግን ሳትወጣ ትቀራለች። ነጥብ ደግሞ አንድ ምት ናት። እህቱ መትታለች። ነጥቧን የበላው የእሱ ቀለም ነው። ልጅቱን የገደላት፣ ያ ሁሉ ሰው እንዴት አማረ ያለው ጥቁር ነው።

እዚያው ላይ ቢጮኽ፣ ፋርማሲስቱን ና እይ ብሎ ቢጎትተው፣ ነገሩ አልቆ ነበር። አይ ጥላሸት! እጁ ቀደመው። የተጣበቀ መርፌ አይቶ መቼ ተቀምጦ ያውቃል? መርፌዎቹ ያሉበትን የፕሪንተሩን ጭንቅላት ነቀለ፣ አልኮል ከመደርደሪያው አነሳ፣ መርፌዎቹን አራሰ፣ ጠረገ፣ እንደገና አራሰ። የሚጠርግበት ጨርቅ ቢያጣ ያንኑ ባዶውን ወረቀት፣ ነጥብ የሌለበትን፣ አጣጥፎ ጠረገበት፤ ጥቁር ሲሆን ቅርጫት ውስጥ ጣለው። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በኪሱ አይጠፋም፣ ጠብ አደረገላት። ሪባኑን አውጥቶ ቧንቧ ሥር አጠበው፣ ውኃው ጥቁር ሆኖ ወረደ። ከመሳቢያ ያገኘውን አንድ አዲስ ሪባን ከተተ። ነጥብ መታ። ወጣች፤ ክብ፣ ጥቁር፣ ጥርት ያለች። ለእሱ ያኔ የታየው አንድ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ ሌላ ልጅ አይሞትም። ፋርማሲስቱ ተመልሶ ወረቀቱን አይቶ፣ «እጅዎ ይባረክ!» አለው።

ቤት ሲገባ ሹራቧን እንኳ ረስቶት መጥቷል።

«መትተሻታል!» አላት ገና ከበሩ። «ነጥቧን መትተሻታል፣ የበላት የኔ ቀለም ነው፣ መርፌዋ ተጣብቃ ነበር፣ በዓይኔ አየሁት!»

ብድግ ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ያንን ጥቁር እጅ ይዛ ሳመችው። ስለ ቀለሙ አንድ የወቀሳ ቃል አልወጣትም። «ተመስገን፣ ተመስገን፣ በል አሁኑኑ እንሂድና እናሳያቸው» እያለች ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

ጥላሸት በቆመበት ደረቀ።

«ምነው?»

«አጸዳሁት» አለ።

«ምኑን?»

«መርፌውን። ማሽኑን። ሁሉንም።»

«የሞከርክበት ወረቀትስ?»

«ጠረግኩበት።»

«ሪባኑስ ጋሼ? ሪባኑ አለ አይደል?»

«አጠብኩት።»

አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ ነበር፣ ሌላው ባዶ። እንደዚያው ሆና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «መልሰህ አቆሽሸው» አለችው። «የማኅተም ቀለም አለህ አይደል? መልሰህ አድርግበት። ይድረቅ።»

«እስኪደርቅ በሱ የሚታዘዝላቸው ልጆች አሉ እኮ፣ የኔ እናት።»

ጫማዋን አወለቀች።

ኮሚቴው ፊት ሄዶ ሁሉንም ተናገረ። ምንም አልደበቀም፤ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እኔን እሰሩኝ» አለ። ሰብሳቢው ጨዋ ሐኪም ነበሩ፣ ሳያቋርጡት ሰሙት። ከዚያ «እንግዲህ ማሽኑን እንየው» ብለው ሁሉንም ይዘው መድኃኒት ክፍል ወረዱ። እህቱና የሟቿ ልጅ እናትም ተጠርተው ነበር፤ እናትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«እርስዎ ይምቱት» አሉት ሰብሳቢው።

ጥላሸት ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ማሽን እንዲሠራለት ሲለምን የኖረ ሰው፣ ያን ዕለት እንዳይሠራ ለመነ። አምላኬ፣ አንዴ ብቻ ትጣበቅ፣ አንዴ! ነጥብ መታ። ወጣች። አሳርፎ መታ። ወጣች። ነጥብ አምስት፣ ነጥብ አምስት፣ ነጥብ አምስት። ገጹን ሞላው፣ አንዲትም አልቀረችም። ፋርማሲስቱን ጠየቁት፤ ሪባኑ መቀየሩን እንጂ የተጣበቀ ነገር ማየቱን አልመሰከረም፣ አላየማ።

«ወንድም ለእህቱ ይህን ቢል አንፈርድበትም» አሉ ሰብሳቢው፣ በደግ ድምፅ። «ማሽኑ ግን እንከን የለበትም።»

«ጋሼ፣ ይብቃህ፣ ተነሣ» አለችው እህቱ። እሱ ግን መምታቱን አላቆመም፤ ፋርማሲስቱ እጁን ይዞ አስቆመው።

እናትየዋ ከግድግዳው ተላቃ መጣችና ወረቀቱን ከማሽኑ ቀድዳ ወሰደች። በጣቷ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየነካች ወረደች። ቀና ብላ ያየችው እህትየውን ነው። አልጮኸችባትም፣ አልረገመቻትም።

«ይህ ሁሉ እያለ» አለቻት፣ «ለልጄ አንዷን ነፈግሻት?»

«እኔ ነኝ» አለ ጥላሸት። «እኔ ነኝ ያልኳችሁ እኮ!»

ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እህቱ አንገቷን ደፍታ፣ «ይቅር በይኝ» አለች፣ ለእናትየዋ።