የአባ ቦራ ነን

ገሠሠ ከአዳማ ማዘጋጃ ቤት ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሞርሞን ሆነ። ለጽድቅ እንዳይመስላችሁ! አንድ እሁድ ጎረቤት ጋብዞት ሄደና የጉባኤው አስተማሪ ኢዩ ሲናገር ሰማ።

"ይህን ጥምቀት ሳያገኙ የሞቱ አያቶቻችንን ስማቸውን ፈልገን፣ እኛ በእነሱ ስም በቤተ መቅደስ እንጠመቅላቸዋለን" አለ ኢዩ። "መቀበልም እምቢ ማለትም የራሳቸው ፈቃድ ነው። ከተቀበሉ ግን ቤተሰብ ለዘላለም አይለያይም። አያት ፍለጋ የምንደክመው ለዚህ ነው።"

ሌላው ሰው የሞተች እናቱን አስቦ ዓይኑን ጠራረገ። ገሠሠ ግን ደጃዝማች አባ ቦራን አሰበ። ለዘላለም ከደጃዝማች ጋር! ወንበሩ ላይ አላስቀምጥ አለው።

"እኛ የአባ ቦራ ነን" ሲባል ነው ያደገው። አባ ቦራ የፈረስ ስም ነው፤ ግንባሩ ነጭ የሆነ ፈረስ ይጋልቡ የነበሩ የአንድ ሹም መጠሪያ። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ገሠሠ አዳማ ውስጥ ያልናቀው ሰው የለም። የሰፈሩን ባለሱቅ ኑሬን እንኳ "ለመሆኑ አያትህን ታውቃለህ?" ብሎት፣ ኑሬ እስከ ሰባተኛው አባቱ ሲቆጥርለት ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው።

ለጥምቀቱ የአያት ስም የሚሞላበት ቅጽ ግን የፈረስ ስም አይቀበልም፤ የሰውየውን ስም ይጠይቃል። ገሠሠም አርሲ ነገሌ ወደሚኖሩት አክስቱ ወደ ወይዘሮ አበበች በሚኒባስ ወረደ።

"አክስቴ፣ የአባ ቦራ የራሳቸው ስም ማን ነበር?"

"ምን ያደርግልሃል?"

"ቅድመ አያቴ አይደሉ እንዴ!"

አበበች የሚለቅሙትን ስንዴ ትተው በሳቅ ፈረሱ።

"አንተ ሰውዬ! የአባ ቦራ ነን ማለት ልጆቹ ነን ማለት ነው? አሽከሮቹ ነን ማለት ነው እንጂ! አያቴ ምልኬሳ ይባላል፤ ከአዳሚ ቱሉ የመጣ ኦሮሞ። የፈረሱ ጠባቂ ነበር፣ ፋንድያ ሲዝቅ የኖረ።"

"ም... ምልኬሳ?"

"ምነው፣ አነሰህ?"

ገሠሠ ላብ አጠመቀው። ቅጹንና እስክሪብቶውን አውጥቶ ነገሩን አስረዳና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግን አክስቴ፣ ደጃዝማቹን ብጽፍ ማን ያውቅብኛል?"

የአበበች ሳቅ ቆመ።

"አባ ቦራን ከጻፍክ ምልኬሳን ማን ሊጠራው ነው? በሕይወቱ ከፈረስ ኋላ ሲሮጥ ኖረ። እናንተ ከጌቶች ጋር ስትገቡ እሱ ዛሬም ውጭ ቆሞ ፈረስ ይያዝላችሁ?"

ገሠሠ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ጻፈም።

"አንብብልኝ" አሉ።

"ባልደራስ ምልኬሳ።"

"ባልደራስ የቤተ መንግሥት የፈረስ ሹም ነው! ሰርዝ!"

ሰረዘ። "እሺ፣ 'የፈረስ ጉዳይ ኃላፊ' ብለውስ?"

"ሰርዝ አልኩህ! በማያውቀው ማዕረግ ቢጠሩት አቤት ይላል?"

ሰረዘ። ወረቀቱ መስመር በመስመር ሆነ። ከሥር ባለችው ባዶ ቦታ ጻፈና እንደ ተማሪ ቀና አለ።

"አቶ ምልኬሳ።"

አበበች "ሰር..." ብለው ጀመሩና ተዉት።

"ማንም አቶ ብሎት አያውቅም" አሉ ስንዴውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ። "እሷን ተውለት።"