ፎቶዬ ያለበት የመሬት ደብተር

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የስድስት ወር እርጉዝ ነኝ። ያኔ በሆዴ የነበረችው ልጅ ዛሬ አራተኛ ክፍል ደርሳለች። የትምህርት ቤት ልብሷን ባጠብኩ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

ከባሌ ከሙላት ጋር የተለያየነው በጠብ አይደለም። አምስት ዓመት ስንኖር ልጅ አልመጣም፣ ቤቱም ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ከብቱንና እህሉን እኩል አካፈሉን። የመሬቱ ነገር ሲነሳ ግን እኔው ራሴ፣ «እሱ ይቆይ፣ ጎንደር ሄጄ ሠርቼ እበላለሁ» አልኩ። የደረሰኝን ጊደር ሸጬ ጎንደር ገባሁና ሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመርኩ።

እዚያ ከአንድ ግንበኛ ጋር ተዋወቅን። ማርገዜን ስነግረው ስልኩን ዘጋው። የሚሠራበት ሕንፃ ድረስ ብሄድ አገር ለቋል አሉኝ። ሆዴ እየገፋ ሲመጣ ልብስ የሚያሳጥቡኝም ተራ በተራ ተዉኝ። አባቴ ቤት እንዳልሄድ፣ አባት የሌለው ልጅ አርግዤ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

በዚህ መሀል ሙላት ደወለ። ሌላ ሊያገባ ነው፤ የመሬት ደብተሩ ላይ ግን የኔና የሱ ፎቶ አብሮ ተለጥፏል። «ነይና ፈርመሽ ልቀቂልኝ፣ ሁለት ኩንታል ጤፍ እሰጥሻለሁ» አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ከሌላ ሰው ያረገዘች ሴት በቀድሞ ባሏ መሬት ላይ መብት ያላት አልመሰለኝም።

የወረዳችን ከተማ ኮላ ድባ፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ወረፋ ያዝን። ሙላት ወረቀት ሊያባዛ ወጣ ሲል አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ከብደሽ ምን አመጣሽ?» አሉኝ። የማላውቃቸው ሰው ስለሆኑ ነው መሰለኝ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

«ሁለት ኩንታል? ልጅሽ ጥርስ ሳያበቅል ያልቃል» አሉ።

«አያ፣ እንዲህ ሆኜ ምን አፍ አለኝ?» ብዬ ሆዴን አሳየኋቸው።

«ሆድሽ ገፋ እንጂ ፎቶሽ አልተፋቀ።»

ወዲያው ሙላት ተመለሰና ተጠራን። ያኔ ፊደል ስለማላውቅ አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ አሳረፍኩ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ገና አላተምኩም። ሽማግሌው ከኋላችን ገብተው ኖሯል፤ «ጌታው፣ መጀመሪያ ድርሻዋን ንገራት። ከዚያ ብትለቅ ትልቀቅ» አሉት ሠራተኛውን።

«አንቱ ምን አገባዎ አያ?» አለ ሙላት።

«እኔ የገዛ ልጄን ለወንድምሽ ልቀቂ ብዬ አስፈርሜያታለሁ። ዛሬ ሰው ቤት እንጀራ ጋጋሪ ናት።»

ሠራተኛው ደብተሩን ገለጠና ግማሹ የኔ እንደሆነ፣ ማርገዜም ምንም እንደማይለውጠው ነገረኝ። «አልለቅም» አልኩ። ሠራተኛው ሁለቴ ጠየቀኝ፤ ሁለቴም ያንኑ አልኩ። ሙላት ተናዶ ጥሎን ወጣ፤ በኋላ ግን መሬቱ ተለክቶ ለየራሳችን ደብተር ወጣልን። አልቀየምኩትም፣ እሱም እንደኔው ነበር የሚያስበው።

ልጄ ያደገችው በዚያ መሬት ጤፍ ነው። ፊደልም የቆጠርኩት አጠገቧ ተቀምጬ፣ ከመጽሐፏ ላይ ነው። ሽማግሌውን በገበያ ቀን እየሄድኩ ፈልጌ አጣኋቸው፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ቤተ ክርስቲያን ስስም «ያን አያ ዕድሜ ስጣቸው» እላለሁ።

አባቴ ወሬውን ሁሉ ሰምቶ ኖሯል። ወደ መሬቴ ተመልሼ በወለድኩ በሦስተኛው ወር፣ ሰኔ ላይ፣ ጥንድ በሬውን እየነዳ ከመንደሩ መጣ። ብዙም ሳያናግረኝ ድርሻዬን ከጫፍ እስከ ጫፍ አረሰው። ሲጨርስ እጁን ታጠበና ሕፃኗን ከጀርባዬ አውርዶ ታቀፋት።