ለዶሮ ቤት የተሰፋ ካፖርት

ልብስ ሰፊው ሜትሩ ከአንገቱ ስለማይወርድ ሰፈርተኛው «ጋሽ ሜትር» ብሎ ሰይሞታል። ተኝቶም አያወልቀውም የሚል ሐሜት አለ፤ ሚስቱ ስትጠየቅ ትስቃለች እንጂ አታስተባብልም።

ይህ ሰው ጓሮው ውስጥ አምስት ዶሮዎች አሉት። አራቱ እንቁላል ይጥላሉ። አምስተኛዋ፣ «ወይዘሮ» የምትባለው አሮጊት፣ መጣል ካቆመች ሁለት ዓመት አልፏታል። የቀን ሥራዋ ስፌት ቤቱ ገብታ፣ ከመኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ማንጎላጀት ነው። ደንበኛ ሲመጣ ቀና ብላ ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች። «እሷ ፊቷን ያዞረችበት ሱፍ አያምርም» ይላል ጋሽ ሜትር፤ ደግሞ ሲቀልድ አይመስልም።

ያለፈው ክረምት ሦስት ዶሮ ፈጅቶ ስለነበር፣ ዘንድሮ ሰማዩ ገና ሲጠቁር ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አወጀች።

«ስማኝ አንተ ሰው፤ አንዲት ዶሮ ስታስነጥስ ብሰማ አምስቱንም ለእህቴ ነው የምሰጣቸው። ዶሮ መቅበር ታክቶኛል።»

እህቷ ዘንድ ሰፊ ግቢ አለ። ሰፊ ድስትም አለ። የማትጥል ዶሮ እዚያ ቤት ሳምንት እንደማትከርም ባልም ሚስትም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም ግን አላነሱትም።

በማግስቱ ጋሽ ሜትር ስፌት ቤቱን ዘግቶ የዶሮ ቤቱን ለካ፦ ቁመት፣ ወርድ፣ ትከሻ። ዶሮ ቤት ትከሻ እንዳለው ከዚያ ቀን በፊት የሰማ የለም። የድንኳን ሸራ ቆርጦ፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ ገበር አበጅቶ፣ ከጣሪያ እስከ መሬት አለበሰው። ሽንቁር ባየ ቁጥር ይጠቀጥቃል፣ ቀዳዳ ባገኘ ቁጥር ይጥፋል። በሩን በአራት የካፖርት ቁልፍ ቆለፈው።

ጎረቤቱ ግንበኛ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ቆየና፣ «ጋሽ ሜትር፣ ከረባቱስ?» አለ።

«አንተ በሠራኸው ቤት ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ ነው የሚተኛው። ዝም በል!»

ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። በአራተኛው ጠዋት ጋሽ ሜትር ቁልፎቹን ሲፈታ የኩስ ሽታ ያዘለ ትኩስ አየር ወጥቶ ዓይኑን አስለቀሰው። ሸራው እንደ ድስት ክዳን አልቦታል፤ ገበሩ ረጥቧል፤ መሬት ላይ የነሰነሰው ሰጋቱራ ጨቅይቷል። ወይዘሮ ጥግ ላይ ተኮራምታ፣ አፏን ከፈተችና «ህጭ!» አለች።

ሚስቱ ባልዲ ይዛ ከኋላው ቆማ ነበር።

«አስነጠሰች» አለች።

«ጉሮሮዋን ጠረገች እንጂ!»

«ምነው፣ ንግግር ልታደርግ ነው?»

ሜትሩን ጫፍና ጫፍ ይዞ ያፍተለትለው ጀመር። ሚስቱ ይህን ስታይ ባልዲውን አስቀምጣ ጎንበስ አለችና እጇን ወደ ውስጥ አስገባች።

«ብርድ አይደለም እኮ። ታፍነው ነው። በገዛ ትንፋሻቸው ነው የራሱት» አለች። «ቆይ፣ ኮት ስትሰፋ ከኋላው ስንጥቅ የምታወጣለት ለምንድን ነው?»

«ሰውየው ሲቀመጥ እንዳይጨንቀው ነዋ።»

ይህን ካለ በኋላ ጋሽ ሜትር ራሱ የተናገረውን ሰማው። ሠላሳ ዓመት ለማያውቀው ሰው ሁሉ ስንጥቅ ሲያወጣ ኖሮ፣ ለወዳጁ ሲሆን ረሳ! መቀሱን አምጥቶ ሸራውን ከጣሪያው ሥር፣ ንፋሱ ከዶሮዎቹ ራስ በላይ በሚያልፍበት በኩል፣ ግራና ቀኝ ተረተረው። እንዳይተለተል ጠርዙን ዘመዘመው፤ ልማድ ነዋ። የራሰውን ገበር አውጥቶ ጣለ፤ ሰጋቱራውን በደረቅ ቀየረ።

ዞር ሲል ሚስቱ ወይዘሮን በሹራቧ ጠቅልላ ወደ ወጥ ቤት እየገባች ነው።

«ለእህትሽ ትደውያለሽ?» አላት ድምፁ ቀጥኖ።

«ስልኬ ባትሪ የለውም» አለች። ስልኩ ኪሷ ውስጥ እየዘፈነ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ራሷ እህትየው ደወለች። ወይዘሮ ምድጃው አጠገብ ካርቶን ውስጥ ተቀምጣ ጥሬ መልቀም ጀምራለች፤ ማስነጠሱ ግን ጨርሶ አልለቀቃትም።

«ዶሮዎቹ? ኧረ ደህና ናቸው» ትላለች ሚስትየው። ይኼኔ ከካርቶኑ «ህጭ!» የሚል ድምፅ ወጣ። «ምኑ? እ... ባሌ ነው። ክረምት ሲገባ እንዲህ ያደርገዋል።»

ጋሽ ሜትር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሚስቱ ውሸታም እንዳትባል ብሎ፣ ሁለት ጊዜ፣ ስልኩ ድረስ እንዲሰማ አድርጎ አስነጠሰ።