በጾም ይሻለው የነበረ ውሻ

ሸዋ ሮቢት የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ዶክተር ተሾመ አንድ ነጭ ጋዋን፣ አንድ ቴርሞሜትርና ጠርዙ የተላጠ መዝገብ አስረከቡኝ። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሙቀቱ ጋዋኑን ከጀርባዬ ጋር አጣብቆት ነበር። «እዚህ የምታክሚው ከብት፣ ፍየልና ግመል ነው» አሉኝ። «ውሻስ?» ብላቸው ሳቁ። «ውሻ እዚህ የሚመጣው ወይ ሲነክስ ነው፣ ወይ ሲነከስ።»

ለብዙ ዓመት እውነታቸውን ነበር። በረዳትነት ጀምሬ ቴክኒሽያን እስክሆን ድረስ ሆዱን ያመመው ውሻ ይዞ የመጣ ሰው አላስታውስም። ከብት አዋለድኩ፣ ፍየል ከተብኩ፣ የግመል ቁስል አጠብኩ። በሥራዬ አልታማም። አፌ ግን ስለታም ነበር። ሳምንት ሙሉ ታማ የከረመች ላም ይዞ መጥቶ «ትናንት ነው ያመማት» የሚለኝን ባለቤት ሰልፍ በተሰለፈው ሰው ፊት አዋርደው ነበር። ያን ጊዜ ቁጣዬን እንደ ሙያ እቆጥረው ነበር።

ጋሽ ሰይድ ከከተማው ወጣ ብለው ማሽላና ማሾ የሚያርሱ፣ ጥቂት ፍየሎች ያሏቸው ሽማግሌ ናቸው። ዳማ የሚባለውን ውሻቸውን በገመድ እየሳቡ በእግራቸው መጡ። ባጃጆቹ ውሻ አንጭንም ብለዋቸው ነው።

«ከመስከረም ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል» አሉኝ። «ሻል ይለውና ደግሞ ይጥለዋል። ጅቡም መድከሙን አውቆ ሁለት ፍየል ወስዶብኛል። እሱ ከሌለ ፍየል ማርባቴ ቀረ።»

ዳማ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ትኩሳት የለውም፣ ድዱ ግን ገርጥቷል። ሰገራውን በማይክሮስኮፕ አይቼ ትል አጣሁ። እንዲያም ሆኖ የትል መድኃኒት ሰጠሁት፣ ቀጥሎ የተቅማጥ መድኃኒት ሰጠሁት። ይሻለዋል፣ ይመለስበታል። በሦስተኛው ጊዜ ዶክተር ተሾመ መዝገቡን አገላብጠው «መድኃኒቱ ይብቃ። ምግቡን ቀይሪና ሆዱን አሳርፊው» አሉኝ።

ለጋሽ ሰይድ በጣቴ እየቆጠርኩ ነገርኳቸው። ተልጦ የተቀቀለ ድንችና የተቀቀለ እንቁላል፣ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። በርበሬ፣ ጮማ፣ አጥንት፣ ወተት በአፉ እንዳይዞር። ስድስት ሳምንት ሌላ ምንም።

«ለውሻ ድስት ልጣድ ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ ይጣዱ።»

ጣዱ። ዳማ ከቤት አይገባም፤ እቃውም ለብቻው ነው። እሳቸው ግን ደጅ ሦስት ጉልቻ ተክለው በእጃቸው ቀቀሉለት። ሰፈርተኛው «ሰይድ ለውሻው ሆቴል ከፈተለት» እያለ ተሳለቀባቸው።

ነገሩ ግን አልያዘም። ውሻው ሳምንቱን ደህና ይሰነብትና ሰኞ ሰኞ ወድቆ ይመጣል። ጋሽ ሰይድን ስጠይቃቸው «ያልሽኝን ነው የማደርገው» ይላሉ። እሑድ ልጆቻቸው ሲሰበሰቡ ትርፍራፊ የሚወረውሩለት መሰለኝ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በዚያ ጾም ዳማ አንድም ቀን አላስመለሰም። ሰገራው ጠነከረ፣ ጸጉሩ ተኛ፣ ሚዛን ላይ ሦስት ኪሎ ጨመረ። ምግቡ ሠራ ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ። እኔ ራሴ ጾሜን እየዋልኩ፣ የእስላም ቤት ውሻ በሁዳዴ ለምን እንደተሻለው አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ በነበረው ሰኞ ጋሽ ሰይድ ዳማን ታቅፈው መጡ። ደም ያስቀምጠው ነበር። ደጁ በሰው ተሞልቷል። እኔ ደሜ ፈላ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ምን አበሉት?»

«ድንችና እንቁላል።»

«ይዋሹኛል! በሽማግሌ ወግ እንዲህ ይዋሻል?»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየን። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። «ወላሂ፣ እኔ ሌላ አልሰጠሁትም» አሉና ለዳማ የሰቀልኩለት ጉሉኮስ እስኪያልቅ ጠብቀው ውሻቸውን ይዘው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አልመጡም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና እኔም አልጠራኋቸውም፤ ኩራት ያዘኝ።

ስድስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ፍየል ለመክተብ እዚያው ቀበሌ ሄድኩ። የጋሽ ሰይድን ፍየሎች ስጨርስ ዳማ እየተጎተተ ወደ ጎረቤት አጥር ሲሄድ አየሁት። አንዲት ባልቴት በአጥሩ ቀዳዳ ጮማና አጥንት በጣሳ ሰጡት። እትዬ ዘነበች ይባላሉ፤ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ክርስቲያን ናቸው።

«ሁልጊዜ ይሰጡታል?» አልኳቸው።

«ምነው አልሰጠው የኔ ልጅ! ልጄ ከተማ ሥጋ ቤት ነው የሚሠራ። ጾም ካልሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ያመጣልኛል። ለጎረቤት ሳላቀምስ አይወርድልኝም። እነ ሰይድ ደግሞ እኛ ያረድነውን አይበሉ። ስለዚህ ድርሻቸውን ለዳማ እሰጥላቸዋለሁ። እሱ ሃይማኖት የለው! ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ የኔንም ደጅ እሱ ነው የሚጠብቅልኝ።»

ጋሽ ሰይድን ለብቻቸው ወደ ዛፍ ጥላ ወሰድኳቸው። «ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ያን ሁሉ ሰው ሰብስበሽ የጎረቤቴን ስም ላንሳ? ለኔ ብለው የሚሰጡትን፣ ውሻ አሳመመብኝ ብዬ ልመልስባቸው? ለብቻዬ ጠይቀሽኝ ቢሆን እነግርሽ ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «አላህ ይቅር ይበለን» ብለው ዘጉት። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፣ እትዬ ዘነበች እንዳይሰሙ።

ለባልቴቷ ዳማ መድኃኒት መጀመሩን፣ መድኃኒቱም ከጮማና ከአጥንት ጋር እንደማይስማማ ነገርኳቸው። «ድርሻውን አይቁረጡበት፤ ድንችና እንቁላል ያድርጉለት» አልኩ። መድኃኒት የሚባል ነገር አልነበረም። እሳቸው ግን ድንቹን በማንኪያ እየደፈጠጡ፣ ከዳማ ሥር ቁጭ ብለው አበሉት።

ተቅማጡ በሳምንቱ ቆመ። ሆዱ ግን ውኃ ቋጥሮ እግሮቹ አብጠው ነበር። አንጀቱ ከተጎዳ ስለቆየ የበላው ለሰውነቱ አይሆነውም። አንድ ጠዋት ጋሽ ሰይድ ስልክ ደወሉልኝ። ስደርስ ዳማን በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍነውታል። እትዬ ዘነበች አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«የኔ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ። «የኔ ጮማ ነው የገደለው?»

አፌን ከመክፈቴ ጋሽ ሰይድ ቀደሙኝ። «ኧረ አይደለም እትዬ ዘነበች። እርጅና ነው። ዕድሜው ነው።» ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

ዳማ አምስት ዓመቱ ነበር። አፉን ከፍቼ ጥርሱን ያየሁት እኔ ነኝ።

«አዎ፣ እርጅና ነው» አልኩ።

ባልቴቷ አማትበው እፎይ አሉ። እኔ እፎይ አላልኩም። ያቺን ሰኞ በር ዘግቼ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ስድስት ሳምንት ቀድሞ ከጮማው ይተርፍ ነበር። ያን ስድስት ሳምንት የበላበት የኔ ምላስ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሆዱን የሚያመው ውሻ ሲመጣልኝ ባለቤቱን ወደ ውስጥ አስገብቼ በሩን እዘጋ ነበር። ጎረቤቱ ማን እንደሆነ፣ ማን መቼ ምን እንደሚሰጠው ቀስ ብዬ እጠይቅ ነበር። የውሻ ምግብ የሚታዘዘው ለሚያበሉት ሰዎች ሁሉ ነው። እነሱን ደግሞ በቁጣ ማወቅ አይቻልም።