«እኔ አለሁለት» ያለኝ ወታደር

የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ረብሻ ጊዜ ነው። ሰበታ። ጠዋት አስፋልቱ ላይ የተቃጠለው ጎማ ጭሱ ገና አልጠራም። የሱቃችንን በር ግማሹን ብቻ ከፍቼ ዱቄት እመዝናለሁ... አንድ ወታደር ከነመሣሪያው ገባ።

አውቀዋለሁ። ገመቹ ይባላል፣ የወለጋ ልጅ ነው። ጦሩ ከተማችን ከገባ ጀምሮ ሳሙናና ሲጋራ የሚገዛው ከእኔ ነው። ሲመጣ ሁልጊዜ «አካም ጅርቱ?» ይላል። እኛ ስልጤዎች ብንሆንም እዚሁ ተወልደን ስላደግን በኦሮምኛ እመልስለታለሁ። የሰፈሩ ሰው ግን ገና ዩኒፎርሙን ሲያይ ፊቱን ያዞርበታል።

የዚያን ቀን ምንም አልገዛም። ከኪሱ ትንሽ ሬዲዮ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ይቺን ለልጆችሽ።»

«ምነው? ልትቀየር ነው?»

«አይ... አታስፈልገኝም ብዬ ነው። ደግሞ እህቴ፣ አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅር በይኝ።»

የምመዝነውን ዱቄት ተውኩት።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ወታደር ነበር። ከጦር ሜዳ ተመልሶ ደህና የሰነበተ መስሎን ሳለ፣ አንድ ሰሞን ጃኬቱን ለዚህ፣ ሰዓቱን ለዚያ መስጠት ጀመረ። ጎረቤቱን ሁሉ ይቅርታ ጠየቀ። እኛ «ልቡ ለሰለሰ» ብለን ደስ አለን... የገባን ራሱን ካጠፋ በኋላ ነው። ቤታችን ውስጥ ግን እስከ ዛሬ «በድንገት ሞተ» ነው የሚባለው።

ስለዚህ ደፍሬ ጠየቅኩት።

«ገመቹ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። የሩዝ ጆንያው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«እንቅልፍ የለኝም» አለ። «ድንጋይ የሚወረውሩት ልጆች በቋንቋዬ ነው የሚሰድቡኝ። አገር ቤት ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ሰልፍ ወጥቶ ታስሯል። አባቴ ጋ ብደውል ‹ያን ልብስ ለብሰህ ልጅህ ነኝ እንዳትለኝ› ብሎ ዘጋብኝ። ለአለቃ ብናገር ፈሪ ነው የሚለኝ... ለማን ልንገር?»

ብቻዬን ነኝ። መሣሪያው ጭኑ ላይ ነው። ፈራሁ... ለእሱም ለራሴም።

በረንዳው ላይ ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ ተቀምጠዋል። ልጃቸው በዚያው ሰሞን ከቤት ተወስዶ ታስሯል፤ ወታደር ሲያልፍ ምራቃቸውን ይተፋሉ። ግን ሌላ ሰው የለም። ወጥቼ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«እኔ ምን አገባኝ!» አሉ።

አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩት... ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ።

ገብተው አጠገቡ ተቀመጡ። «የማን ልጅ ነህ?» አሉት በኦሮምኛ። አባቱን፣ አያቱን፣ ወንዙን ሳይቀር ጠየቁት። መጀመሪያ በግድ፣ በኋላ ቀስ እያለ መለሰ።

«እስር ቤት ልጄን የሚጠብቀው ወታደር አንተን የሚያክል ልጅ ነው አሉኝ» አሉት። «ተደብቆ ውሃ ያቀብለዋል። የልጄ እናት ስትጸልይ የዚያን ጠባቂም ስም ትጠራለች... አባትህ ተናዶ ነው። እኔም ስናደድ ከዚህ የባሰ እናገራለሁ። ብትሞት ደስ የሚለው መስሎህ ነው?»

ገመቹ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።

«ከጓደኞችህ የምታምነው አለ?» አልኩት።

«ደረጀ።»

በእኔ ስልክ ደወልን። ደረጀ እየሮጠ ደረሰ። የጎጃም ልጅ ነው፣ ሳቂታ። ምንም ሳይጠይቅ «እስኪ ስጠኝ፣ ልያዝልህ» ብሎ መሣሪያውን ከጭኑ አነሳና በራሱ ትከሻ አንጠለጠለው። በሌላ እጁ አቀፈው። ሲወጡ ወደ እኔ ዞረ።

«አይዞሽ እህቴ፣ እኔ አለሁለት።»

ቃሉን ጠበቀ። አለቃቸውን ለምኖ ገመቹን ሆስፒታል አስገባው። ኦቦ ቶላም የአባትየውን ስልክ ተቀብለው፣ እየጮኹም እየለመኑም አናገሯቸው። ሬዲዮዋን በደረጀ እጅ መለስኩለት።

ከዚያ በኋላ ደረጀ ወሬ ሊነግረኝ ብቅ ይል ነበር።

«ገመቹ እንዴት ነው?» እለዋለሁ።

«ምን ይሆናል! ሆስፒታል ተኝቶ እየወፈረ ነው። እኔም ብታመም ምን አለ!» ብሎ ያስቀኛል።

አንድ ቀን ዓይኑ ደም ለብሶ መጣ። «አቧራ ነው» አለኝ። እኔም «ገመቹስ?» አልኩት።

ጦሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ከተማው ረገብ አለ፣ የኦቦ ቶላ ልጅም ከስቶ ጠቁሮ ተፈታ።

ከዚያ ብዙ ቆይቶ አንድ ከሰዓት ገመቹ መጣ። በሲቪል ልብስ። ከጦሩ ተሰናብቶ፣ ከአባቱ ታርቆ አብረው ያርሳሉ። ፊቱ ሞልቷል። ከደስታዬ ብዛት የምይዘው ጠፍቶኝ ወንበር አቀረብኩለት፣ ለስላሳ ከፈትኩለት።

«ያ ቀልደኛስ? ደረጀ እንዴት ነው?»

ጠርሙሱን አስቀመጠው።

«አልሰማሽም እንዴ...?»

«ምኑን?»

«ደረጀ ራሱን አጠፋ።»

ስለ ሌላ ደረጀ የሚያወራ መሰለኝ።

«በዋዜማው ደውሎልኝ ነበር» አለ ገመቹ። «‹መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ፣ እንቅልፍስ ትተኛለህ?› አለኝ። እንደ ልማዱ አሳቀኝ... ሳቄን ሳልጨርስ ዘጋው። እሱን ግን ማንም ሐኪም ጋ አልወሰደውም። ታሟል ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረማ።»

ደረጀ ስንት ቀን እዚህ ባንኮኒ ተደግፎ ቆሟል... በመጣ ቁጥር የምጠይቀው ስለ ሌላ ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ «አይዞሽ» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ «አንተስ?» ሳልለው አልለቀውም።